ፋይልን ከዲስክ ወደ ዲስክ ስለማዛወር

(ለቤት ኮምፒውተር ተጠቃሚዎች በቃል ቀርቦ ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተጻፈ)

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ዛሬ የምናገረው በጣም ተራ ስለሚመስል ሥራ ነው። የቤታችሁ ኮምፒውተር «ሲ» ድራይቭ ሞልቶ መስመሩ ወደ ቀይ ሲለወጥ፣ ወይም አዲስ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዝታችሁ የልጆቻችሁን ፎቶግራፍ፣ የሠርግ ቪዲዮውን፣ የትምህርት ማስረጃውንና የዓመታት መዝሙርና ዘፈኑን ወደ እርሱ ልታሻግሩ ስትነሡ ሥራው እንዴት መከናወን እንዳለበት እነግራችኋለሁ። ነገሩ ቀላል ስለሚመስል ማንም ቁጭ ብሎ አያስተምረውም፤ አብዛኞቻችን የምናውቀው አንዱ ሲሠራ ሌላው አይቶ የለመደውን ነው። ይሁን እንጂ ወደ ጥገና ቤት «ፋይሌ ጠፋብኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው ታሪኩን ሲያወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ዲስኩ በገዛ እጁ መሞቱን ሳይሆን፣ ፋይሉ ከአንዱ ዲስክ ወደ ሌላው በመሻገር ላይ እያለ አንድ ነገር መከሰቱን ነው።

ሐሳቤን ከመነሻው ላስቀምጥ። በሁለት ዲስኮች መካከል ፋይል «ከት» (ከመነሻው ቆርጦ ማዛወር) አይደረግም። ኮፒ ይደረጋል፣ ኮፒው መድረሱ ይረጋገጣል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ዋናው ይጠፋል። ሦስቱ ሥራዎች ለየብቻ፣ ቢቻል በተለያየ ቀን መሠራት አለባቸው። ለምን እንዲህ እንደምል ለመረዳት ኮምፒውተሩ በውስጡ የሚያደርገውን ጥቂት ጠጋ ብሎ ማየት ይጠይቃል።

በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ 50 ጊጋባይት የሚሆን የቪዲዮ ፎልደር ከ«ዳውንሎድስ» ወደ «ቪዲዮስ» ብታዛውሩ ሥራው ዓይን ሳይከደን ያልቃል። ያንኑ ፎልደር ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ስታዛውሩት ግን አረንጓዴው መስመር ብዙ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ሰዓት ይወስዳል። ልዩነቱ የዲስኩ ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ የሚሠራው ሥራ ራሱ ሌላ ነው። በእያንዳንዱ ድራይቭ ውስጥ የፋይሉ ይዘት አለ፣ ከይዘቱ ሌላ ደግሞ የትኛው ፋይል በየትኛው ፎልደር ሥር እንዳለና ይዘቱ በዲስኩ ላይ የት የት እንደተቀመጠ የሚያሳይ መዝገብ አለ። ፋይሉ በአንድ ድራይቭ ውስጥ ሲዛወር ይዘቱ ካለበት ንቅንቅ አይልም፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ዶሴውን ከመደርደሪያው ሳያነሣ በመዝገቡ ላይ የክፍሉን ስም ሰርዞ ሌላ ስም እንደሚጽፍ ሁሉ፣ የሚለወጠው መዝገቡ ላይ ያለው መስመር ብቻ ነው። ዶሴው ወደ ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ መሄድ ካለበት ግን ገጽ በገጽ ተገልብጦ ይላክና እዚህ ያለው ዋናው ይቀደዳል። በሁለት ድራይቮች መካከል «ከት» ስናደርግ ኮምፒውተሩ የሚፈጽመው ይህንን ሁለተኛውን ነው፤ መገልበጡን ብቻ ሳይሆን መቅደዱንም፣ እኛን ሳይጠይቅ።

ዊንዶውስ ራሱ ይህን ልዩነት ያውቃል። አንድን ፋይል በማውዙ ጎትታችሁ በዚያው ድራይቭ ውስጥ ወዳለ ሌላ ፎልደር ብትጥሉት ያዛውረዋል፤ ወደ ሌላ ድራይቭ ብትጥሉት ግን ዋናውን ትቶ ኮፒ ያደርገዋል። ሺፍትን ተጭኖ መጎተት ሁልጊዜ ያዛውራል፣ ኮንትሮልን ተጭኖ መጎተት ሁልጊዜ ኮፒ ያደርጋል። የሠሪዎቹ ጥንቃቄ ትክክል ነበር እላለሁ። እኛ ግን ኮንትሮል እና ኤክስ መጫን ለምደናል፤ በዚያ መንገድ ከአንድ ድራይቭ ወደ ሌላ የሄደ ፋይል ደግሞ ከመነሻው ሲሰረዝ በሪሳይክል ቢን በኩል አያልፍም። ተሳስተን ከሆነ ተመልሰን የምናነሣው ቦታ የለም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የአገራችንን ልማድ ማንሣት ግድ ይለኛል። በብዙ ቤት ያለ ኮምፒውተር «ሲ» እና «ዲ» የሚባሉ ሁለት ድራይቮች አሉት። ኮምፒውተሩ ፎርማት ሊደረግ ሲወሰድ ባለሙያው «ሲ ላይ ያለው ይጠፋል፣ ዲ ላይ ያለውን አልነካውም» ይላል፤ ባለቤቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዲ» ማለት አስተማማኝ ቦታ እንደሆነ አምኖ ይኖራል። የባለሙያው ቃል ለፎርማቱ ብቻ የሚሠራ እውነት ነው። በብዙ ላፕቶፖች ላይ «ሲ» እና «ዲ» አንዱ ዲስክ ለሁለት ተከፍሎ የተሰጠው ስም እንጂ ሁለት ዲስክ አይደሉም። ዲስኩ ሲሞት ሁለቱም አብረው ይሞታሉ። ፎቶግራፉን ከ«ሲ» ወደ «ዲ» ኮፒ አድርጎ «ሁለት ቦታ አስቀምጬዋለሁ» የሚል ሰው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያስቀመጠው አንድ ቦታ ነው። በእናንተ ቤት ያለው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የስታርት ምልክቱን በቀኝ ተጭናችሁ «ዲስክ ማኔጅመንት» የሚለውን ክፈቱ፤ በታችኛው ክፍል «ዲስክ 0»፣ «ዲስክ 1» እየተባለ እውነተኛው መሣሪያ በየመስመሩ ይታያል። «ሲ» እና «ዲ» በአንድ መስመር ላይ ተደርድረው ካያችኋቸው ዲስካችሁ አንድ ነው። በ«ዲስክ 0» ላይ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ)፣ በ«ዲስክ 1» ላይ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ካያችሁ ግን በርግጥም ሁለት አሏችሁ፤ የዛሬውም ንግግር በይበልጥ የሚመለከተው እናንተን ነው። (የ1 ቴራባይቱ ዲስክ 931 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ መታየቱ አያስደንግጣችሁ፤ ፋብሪካው በሺህ፣ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥሩ የመጣ ነው እንጂ ሻጩ አላታለላችሁም።)

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። ኮፒ ማድረጉ ላይ ብዙ አልቆይም፤ የምታውቁት ነው። ስለ ጊዜው ግን አስቀድማችሁ አስሉ። የዩኤስቢ 2.0 መስመር በወረቀት ላይ በሰከንድ 480 ሜጋቢት (60 ሜጋባይት) ነው ቢባልም በተግባር የሚሰጠው ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት አካባቢ ነው። በዚህ ፍጥነት 200 ጊጋባይት ለማሻገር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ያንኑ ዲስክ ዩኤስቢ 3.0 በሆነው፣ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ በሆነው ቀዳዳ ብትሰኩት ሃርድ ዲስኩ ራሱ በሚችለው ፍጥነት ይሄዳልና ሥራው በግማሽ ሰዓት ገደማ ያልቃል። ቀዳዳ መቀየር ብቻ ይህን ያህል ለውጥ ሲያመጣ አይቶ የማይገረም የለም። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ለትላልቅ ፋይሎች ነው። 10 ጊጋባይት የሆነ አንድ ፊልምና 10 ጊጋባይት የሚሞሉ መቶ ሺህ ትንንሽ ፋይሎች አንድ አይደሉም፤ ለእያንዳንዱ ፋይል መዝገብ መጻፍ ስላለበት፣ በሃርድ ዲስክ ላይ ደግሞ የሚያነበው ክንድ ከመዝገቡ ወደ ይዘቱ ሲመላለስ ጊዜ ስለሚያባክን፣ ሁለተኛው ብዙ እጥፍ ይዘገያል። ኮምፒውተሩ «5 ደቂቃ ቀረ» ብሎ ቆይቶ «2 ሰዓት ቀረ» ቢላችሁ ትልልቆቹን ጨርሶ ወደ ትንንሾቹ ደርሷል ማለት ነው እንጂ አልተበላሸም። ነቅላችሁ አትነሡ።

መብራት ግን ይሄዳል። ይህን ስል ለማንም አዲስ ነገር አልተናገርሁም፤ በኮፒ መሐል ሲሄድ የሚሆነውን ግን በዝርዝር ላስረዳ። ዊንዶውስ አንድን ትልቅ ፋይል መገልበጥ ሲጀምር አስቀድሞ በመድረሻው ዲስክ ላይ የፋይሉን ሙሉ መጠን የሚያህል ቦታ ይይዛል። ስለዚህ መብራቱ በመሐል ቢቋረጥ፣ በመድረሻው ላይ ትክክለኛ ስምና ትክክለኛ መጠን ያለው፣ ከግማሽ በኋላ ግን ባዶ የሆነ ፋይል ሊቀር ይችላል። መብራቱ ተመልሶ ኮፒውን እንደገና ስታስጀምሩ ኮምፒውተሩ «እዚያ ይኸው ስም ያላቸው ፋይሎች አሉ፣ ልተካቸው ወይስ ልዝለላቸው?» ብሎ ይጠይቃል። ቀድሞ የሄደውን እንደገና ላለመገልበጥ ሁላችንም «ዝለል» እንላለን። ያ ጎደሎው ፋይል አብሮ ይዘለላል። ከዓመት በኋላ የሠርጉ ቪዲዮ ቀለበቱ ላይ ሲደርስ ቆሞ የሚቀረው እንዲህ ባለ ምክንያት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ኮፒው ከመቋረጡ በፊት በመጨረሻ የተጻፈውን ፋይል ከመድረሻው ፈልጋችሁ አጥፉት፣ ከዚያ የቀረውን «ዝለል» በሉ። የትኛው እንደሆነ ካልለያችሁ ደግሞ ጊዜው ይፍጅ እንጂ ሁሉንም «ተካ» በሉት።

ሥራውን ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) በዴስክቶፕ ከመሥራት ባትሪው ደህና በሆነ ላፕቶፕ መሥራት ይሻላል፤ ነገር ግን ኤክስተርናሉ የራሱ የኃይል ገመድ ያለው ትልቁ ዓይነት ከሆነ የላፕቶፑ ባትሪ አያድነውም፤ መብራቱ ሲሄድ ኮምፒውተሩ እንደበራ ዲስኩ ብቻውን ይጠፋል። ላፕቶፑም በመሐል እንቅልፍ እንዳይወስደው ቅንብሩን ማስተካከል አትርሱ።

አሁን «ከት» ለምን እንደማይመከር ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ኮፒ ስታደርጉ መብራት ቢሄድ የምታጡት ጊዜ ነው፤ ዋናው ፋይል በቦታው አለ። «ከት» አድርጋችሁ ቢሄድ ግን ገሚሱ ፋይል እዚህ፣ ገሚሱ እዚያ ይሆናል፤ ከመነሻው የተሰረዘው ወደ መድረሻው በትክክል መድረሱንም ያየ ሰው የለም።

ሁለተኛው ሥራ ማረጋገጥ ነው፤ ብዙዎች የሚዘሉት ይህንን ስለሆነ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ። ኮፒው እንዳለቀ ወዲያው ፎልደሩን ከፍቶ ፎቶግራፎቹን ማየት በቂ ይመስላል። አይደለም። ኮምፒውተሩ አሁን የገለበጠውን ነገር በራሱ ማስታወሻ፣ በራም ውስጥ ይዞ ስለሚቆይ፣ የምታዩት ምስል ከዲስኩ ላይ የተነበበ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ መሣሪያውን በሥርዓቱ አስወግዱ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ እንደገና ሰክታችሁ ከዚያ ፈትሹ። «በሥርዓቱ አስወግዱ» ስል ከታች በቀኝ በኩል ባለችው የዩኤስቢ ምልክት በኩል ማለቴ ነው። እርግጥ ዊንዶውስ 10 ከ1809 እትሙ ጀምሮ ለውጫዊ መሣሪያዎች ጽሑፉን በራም ሳያቆይ ቶሎ ወደ ዲስኩ የማውረድን አሠራር መደበኛ አድርጎታል፤ ሆኖም ቅንብሩ የተለወጠበት ኮምፒውተርም፣ የቆየ ዊንዶውስም፣ ሊኑክስም በየቤቱ አለና ልማዱን መጠበቅ አይጎዳም።

ከዚያ በመነሻውና በመድረሻው ያሉትን ፎልደሮች በቀኝ ተጭናችሁ «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ለሁለቱም ክፈቱና ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የፋይሎቹ ብዛትና የፎልደሮቹ ብዛት አንድ መሆን አለበት። መጠኑን ስታነጻጽሩ «ሳይዝ» በሚለው ፊት ያለውንና በቅንፍ ውስጥ በባይት የተጻፈውን ረጅም ቁጥር ተመልከቱ፤ «ሳይዝ ኦን ዲስክ» የሚለው ግን ሁለቱ ዲስኮች በተለያየ ስልት ፎርማት ከተደረጉ ሊለያይ ስለሚችል በእርሱ አትደናገጡ።

ብዛትና መጠን መመሳሰላቸው አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ቀደም ሲል እንዳየነው ግማሽ ባዶ የሆነ ፋይልም ሙሉ መጠን ያሳያል። ይዘቱን በርግጥ የሚፈትሸው ሃሽ የሚባለው ስሌት ነው፤ ፕሮግራሙ ፋይሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቦ አንድ የፊደልና የቁጥር ድርድር ያወጣል፣ ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ባይት እንኳ ብትለወጥ ድርድሩ ጨርሶ ሌላ ይሆናል። ይህን በእጅ መሥራት አድካሚ ነው፤ ቴራኮፒን የመሰሉ ፕሮግራሞች ግን ኮፒ ካደረጉ በኋላ ራሳቸው ያነጻጽሩላችኋል። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው፣ ትእዛዝ ተጽፎለት የሚሠራው ሮቦኮፒም ለተቋረጠ ኮፒ ጥሩ ነው፤ በመጠን ወይም በተሻሻለበት ሰዓት የማይመሳሰለውን ብቻ መርጦ እንደገና ይገለብጣል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፦ ሮቦኮፒ መድረሻውን የመነሻው መስታወት የሚያደርግበት ትእዛዝ አለው፤ ይህ ትእዛዝ በመነሻው ላይ የሌለውን ሁሉ ከመድረሻው ያጠፋል። መነሻውንና መድረሻውን ያምታታ ሰው ባዶውን አዲስ ዲስክ በሞላው አሮጌ ላይ «ያንጸባርቃል»። ከኢንተርኔት የተቀዳ ትእዛዝ ሳትረዱት አትስጡ።

ማረጋገጥ ያለ አማራጭ የሚሆንበት አንድ ጉዳይ ደግሞ አለ፤ እርሱም በገበያ ላይ የሚሸጠው የሐሰት ፍላሽ ነው። ከላዩ 1 ወይም 2 ቴራባይት የሚል የተጻፈበት፣ ዋጋውም ከሚገባው በጣም ያነሰ ፍላሽ ስታዩ ጠርጥሩ። ውስጡ ያለው ትክክለኛ ማከማቻ ለምሳሌ 32 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ፣ የመቆጣጠሪያው ቺፕ ለኮምፒውተሩ የውሸት መጠን እንዲናገር ተደርጎ ይሠራል። ከትክክለኛው አቅም በላይ የሚጻፈው ነገር ወይ ይጣላል፣ ወይ ቀድሞ በተጻፈው ላይ ይደረባል። ነገሩን አደገኛ የሚያደርገው መዝገቡ በትክክል መጻፉ ነው፤ የፋይሉ ስምም፣ ብዛቱም፣ መጠኑም ምንም ሳይጎድል ይታያል። የሚታወቀው ፋይሉ ሲከፈት ብቻ ነው፣ በዚያን ጊዜ ደግሞ በ«ከት» የሄደ ከሆነ ዋናው የለም። አዲስ ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ካርድ ስትገዙ ኤች ቱ ቴስት ደብሊው በተባለው ነጻ ፕሮግራም ሙሉውን ቦታ አስሞልታችሁ አስነብቡት። ረጅም ሰዓት ይወስዳል፤ ሌሊት ትቶ መተኛት ነው። ሻጩ የሚመልስላችሁ ሰው መሆኑን አስቀድማችሁ ብትነጋገሩም ጥሩ ነው።

በዚሁ በፍላሽ ነገር ላይ፣ «ፋይሉ ለመድረሻው ዲስክ በጣም ትልቅ ነው» የሚል መልእክት ስታዩ ፍላሹ 64 ጊጋባይት ነጻ ቦታ እያለው ለምን እንደሚል የሚገርማችሁ ትኖራላችሁ። ምክንያቱ ፋት 32 የሚባለው የፎርማት ዓይነት ነው። ይህ ስልት ከዊንዶውስ 95 ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ያለ ሲሆን አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት እንዲያልፍ አይፈቅድም። እ.ኤ.አ. በ2006 የመጣው ኤክስ ፋት ይህ ገደብ የለበትም፤ ዊንዶውስም ማክም ሁለቱም ያነቡታል፣ ይጽፉበታልም። ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው ሌላው የፎርማት ዓይነት ለዊንዶውስ ብቻ ለሚሠራ ዲስክ የተሻለ ነው፣ ነገር ግን ማክ ተጨማሪ ፕሮግራም ካልተጫነለት ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ በማክ ፎቶግራፍ ሞልቶ እንዲልክላችሁ የምትሰጡትን ዲስክ ኤክስ ፋት አድርጉት። ፎርማት ማድረግ በዲስኩ ላይ ያለውን እንደሚያጠፋ መቼም አትረሱም።

አማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ተጨማሪ ጣጣ አለብን። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደላት አንድ ወጥ ቁጥር ወደሚሰጠው የኮምፒውተር መዝገብ) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ ነው፤ ዊንዶውስም ናይላ የተባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ የመጣው ቪስታ በተባለው እትሙ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየቤቱ የተጻፈው በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና እነዚህን በመሰሉ ፕሮግራሞች ነበር፤ እነዚህ ደግሞ የአማርኛውን ፊደል የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ ነበር። እንዲህ ያለ ሰነድ ወደ አዲስ ኮምፒውተር ሲሻገርና ሲከፈት ፎንቱ ስለሌለ የተመሰቃቀለ የላቲን ፊደል ሆኖ ይታያል፤ ባለቤቱም «በኮፒው ተበላሸ» ብሎ ያጠፋዋል። ፋይሉ አልተበላሸም። የአባታችሁን የድሮ ደብዳቤ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ከአሮጌው ኮምፒውተር ስታሻግሩ፣ ዊንዶውስ በሚለው ፎልደር ውስጥ ካለው «ፎንትስ» የድሮዎቹን የአማርኛ ፎንቶች አብራችሁ ውሰዱ። ከዚህም በተጨማሪ አሮጌው ኮምፒውተር ገና እየሠራ እያለ ሰነዶቹን ከፍታችሁ ወደ ፒዲኤፍ ለውጧቸው፤ ፒዲኤፉ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ስለሚቀመጥ በየትም ይነበባል። ኮምፒውተሩ ከተሸጠ በኋላ ፎንቱን ፈልጎ ማግኘት ከሰነዱ የባሰ ሥራ ሊሆን ይችላል።

የፋይል ስምን በአማርኛ መጻፍ ግን ዛሬ ምንም ችግር የለውም፤ ኤንቲኤፍኤስም ኤክስ ፋትም ይቀበሉታል። የሚያስቸግረው የቆየ የዚፕ ፕሮግራም ስሙን ወደ ጥያቄ ምልክት ሲለውጥና፣ ፎልደር በፎልደር ውስጥ እየተደራረበ ከነሙሉ አድራሻው 260 ፊደል ሲያልፍ ነው። በተለመደው አሠራር ዊንዶውስ ከዚያ በላይ ሲሆን ኮፒውን ያቆምና «ስሙ ረዘመ» ይላል። የላይኛውን ፎልደር ስም ማሳጠር ይበቃል።

ወደ «ሲ» መጨናነቅ ልመለስ። የሚዛወረው ምኑ ነው? ፕሮግራሞችን ከነፎልደራቸው አንሥቶ ወደ «ዲ» መውሰድ አይቻልም፤ ዊንዶውስ የተጫኑበትን ቦታ በሬጅስትሪው መዝግቦ ስለያዘ አይነሡም። ፕሮግራም ነቅሎ በሌላው ዲስክ ላይ እንደገና መጫን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ቦታውን የበላው ፕሮግራም አይደለም። «ዳውንሎድስ» ውስጥ ገብታችሁ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚለውን ፎልደር መጠን እዩ፤ ከቻናል የወረደ ፊልም፣ መጽሐፍና ቪዲዮ ሁሉ እዚያ ይከማቻል። በቴሌግራሙ ቅንብር ውስጥ የማውረጃውን ቦታ ወደ ሁለተኛው ዲስክ መለወጥ ይቻላል፣ ከዚያ በኋላ የሚወርደው ወደዚያው ይሄዳል።

«ዶክዩመንትስ»፣ «ፒክቸርስ» እና «ቪዲዮስ» የሚሉትን ፎልደሮች ደግሞ ከነስማቸው ወደ ሌላ ዲስክ ማዞር ይቻላል። ፎልደሩን በቀኝ ተጭኖ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ሎኬሽን» በሚለው ገጽ አዲሱን ቦታ መስጠት ነው። ኮምፒውተሩ በዚህ ጊዜ ነባሮቹን ፋይሎች ወደ አዲሱ ቦታ ይውሰድ እንደሆነ ይጠይቃል። ይህች ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2018 ብዙ ሰው ያወቀው ታሪክ አላት። ማይክሮሶፍት በዚያ ዓመት ኦክቶበር 2 ቀን የዊንዶውስ 10ን 1809 እትም ለቀቀ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ሰነዶቻችን ጠፉ የሚሉ ተጠቃሚዎች ስለመጡ እትሙን ማሠራጨት አቆመ። ምክንያቱ ሲጣራ እንዲህ ሆነ፦ አንዳንድ ሰዎች ፎልደራቸውን ወደ ሌላ ድራይቭ ሲያዞሩ ነባር ፋይሎቻቸው በአሮጌው ቦታ ቀርተው ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው እትም ባዶ የሆኑ ድርብ ፎልደሮችን በአሮጌው ቦታ ስለፈጠረና ተጠቃሚዎች ስላማረሩ፣ አዲሱ እትም እነዚያን እንዲጠርግ ተደርጎ ተሠርቶ ነበር፤ ነገር ግን ጠረጋው ባዶ የሆነውንና ያልሆነውን አልለየም። በአሮጌው ቦታ የቀሩት ፋይሎች አብረው ተጠረጉ። እትሙ ታርሞ በኖቬምበር 13 እንደገና ወጣ። ማይክሮሶፍት ችግሩ የደረሰባቸው ሰዎች በመቶኛ ሲሰላ እጅግ ጥቂት መሆናቸውን ገልጾ ነበር፤ ሰነዱ ለጠፋበት ሰው መቶኛው ምኑ ነው። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ተግባራዊ ነገር አንድ ነው፦ ፎልደር ወደ ሌላ ዲስክ ስታዞሩ መጀመሪያ ይዘቱን ሦስተኛ ቦታ ላይ ኮፒ አድርጉ፣ ለጥያቄው «አዎ፣ ውሰድ» በሉ፣ ከዚያም አሮጌው ቦታ በርግጥ ባዶ መሆኑን ሄዳችሁ እዩ። በሁለት ቦታ የተበታተነ «ዶክዩመንትስ» ይዞ መኖር አደጋ ነው።

ሦስተኛው ሥራ ማጥፋት ነው። በዚህ ላይ ሃርድ ዲስክና ኤስኤስዲ ይለያያሉ። ከሃርድ ዲስክ ላይ የጠፋ ፋይል ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ይዘቱ እዚያው ስላለ በማስመለሻ ፕሮግራም የመገኘት ዕድል አለው። በኤስኤስዲ ላይ ግን ዊንዶውስ ፋይሉ ሲጠፋ «ይህ ቦታ ከእንግዲህ አያስፈልግም» ብሎ ለዲስኩ ይነግረዋል፣ ዲስኩም በራሱ ጊዜ ያጸዳዋል፤ ከዚያ በኋላ ባለሙያም ብዙ ሊያደርግላችሁ አይችልም። የምታዛውሩት ከኤስኤስዲ ወደ ሃርድ ዲስክ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ እንደሚሆነው ማለት ነው፣ ለማጥፋት አትቸኩሉ። እኔ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቆይ እላለሁ፤ በዚያ ሳምንት ውስጥ ከአዲሱ ዲስክ ላይ ፋይሎቹን እየከፈታችሁ ተጠቀሙባቸው።

ፋይል ሳይሆን ዲስኩን ራሱን ከአሮጌ ላፕቶፕ አውጥታችሁ በኤክስተርናል ቤት (ዲስኩን በዩኤስቢ በሚያገናኝ መያዣ) ውስጥ አድርጋችሁ ለመገልበጥ የምታስቡም አላችሁ። ይህ መንገድ ጥሩ ነው፣ ላፕቶፑ ቢሞትም ይሠራል። ሁለት ነገር ሊያጋጥማችሁ ይችላል። አንደኛው «ፈቃድ የላችሁም» የሚለው መልእክት ነው፤ ፎልደሩ በአሮጌው ኮምፒውተር ተጠቃሚ ስም የተያዘ ስለሆነ «ኮንቲኒው» ብሎ ፈቃዱን መውሰድ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ሁለተኛው ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ ነው። በቅርብ ዓመታት የተሸጡ ብዙ ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያስተውል ዲስኩን ስለሚቆልፉ፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ባለ 48 አኃዙን ቁልፍ ይጠይቃል። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብታችሁ ከሆነ ቁልፉ በአካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል፤ ከሌለ ግን ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ፋይሉ አይከፈትም። ላፕቶፑ በሕይወት እያለ ቁልፉን ፈልጋችሁ በወረቀት ጻፉት።

አሮጌውን ዲስክ ወይም ኮምፒውተር የምትሸጡ ወይም ለሌላ የምትሰጡ ከሆነ ደግሞ «ኩዊክ ፎርማት» መዝገቡን ባዶ ያደርጋል እንጂ በሃርድ ዲስክ ላይ ያለውን ይዘት አይነካም፤ ገዢው በግማሽ ቀን የቤተሰባችሁን ፎቶግራፍ ሊያወጣው ይችላል። ፎርማት የሚያደርገው መስኮት ሲመጣ «ኩዊክ» ከሚለው ላይ ምልክቱን አንሡ። ከቪስታ ወዲህ ያለው ዊንዶውስ ሙሉ ፎርማት ሲባል መላውን ዲስክ በዜሮ ይሞላል፤ በ1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ላይ ሰዓታት ስለሚወስድ ገዢው ደጅ ላይ ቆሞ እየጠበቀ የሚጀመር ሥራ አይደለም።